ገንዘቡ ምጽዋት አይደለም፤ ውል ነው

(በናታንያ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከብዙዎቻችሁ ሐሳብ የራቀ ሊመስል ይችላል። የኡልፓኑ፣ የቤቱ፣ የልጆች ትምህርትና የሥራ ፍለጋው ጭንቀት ገና ሳይቃለል፣ ለአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ገንዘብ እንዴት እንደሚጠየቅ መስማት እንደ ቅንጦት ይቆጠር ይሆናል። ቢሆንም አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በዚህ አገር ለሰፈር የጋራ ጓሮ፣ ቆሻሻን ለይቶ ለመጣል፣ ለውኃ ቁጠባና ለልጆች የተፈጥሮ ትምህርት የሚመደብ ገንዘብ አለ። ከዚህ ገንዘብ ከፊሉ በእኛ ስም ይጠየቃል፣ ስለ እኛ ይጻፋል፣ በእኛም ሰፈር ሥራ ላይ ይውላል። የጻፈውና ያቀደው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። እኛ የምንሰማው ፕሮጀክቱ ሲመረቅ ነው፤ ወይም ገንዘቡ አልቆ በሩ ሲዘጋ።

ስለዚህ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ብዕሩን እኛው ራሳችን እንዴት እንደምንይዝ ነው።

ካያሙት ማለት ምን ማለት ነው?

በዕብራይስጥ «ካያሙት» ይሉታል፤ በአማርኛ «ዘላቂነት» ብንለው ያስኬዳል። ትርጉሙ ዛሬ የምንጠቀምበትን መሬት፣ ውኃና አየር ልጆቻችንም እንዲጠቀሙበት አድርጎ መያዝ ማለት ነው። ቃሉ አዲስ ቢሆንም ሥራውን ታውቁታላችሁ። በጎንደር ገጠር የኖረ ገበሬ አንዱን ዓመት ገብስ፣ ሌላውን ዓመት ባቄላ እያፈራረቀ ይዘራል። ፍጉን ወደ ጓሮው ያወጣል። ተዳፋቱን በእርከን ይይዛል። እናቶቻችን ከማድ ቤት የሚተርፈውን በከንቱ አይጥሉም። በተለይ ቤተ እስራኤል በሸክላ ሥራና በአንጥረኝነት የታወቀ ስለነበረ፣ ስለ አፈርና ስለ እሳት ያለው ዕውቀት ከእርሻም ያለፈ ነው።

እዚህ አገር ግን ይህ ዕውቀት ወረቀት ላይ ካልሠፈረ የሚያየው የለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልጃችንም አያየውም። አባቱ ፎርም መሙላት ሲቸግረው፣ እናቱ በጤና ጣቢያው አስተርጓሚ ስትፈልግ በየቀኑ የሚያይ ልጅ፣ ወላጆቹ የሚያውቁትን የሚያይበት ቦታ ካላገኘ «ወላጆቼ ምንም አያውቁም» ብሎ ያድጋል። አንድ የጋራ ጓሮ፣ አባት አስተማሪ፣ ልጅ ተማሪ የሚሆንበትን ቦታ መልሶ ሊሰጠን ይችላል። እኔ ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምይዘው ከጎመኑና ከቃሪያው ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው «ማን ይሰጠናል?» ይላል። እስቲ ምንጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው በ1988 የተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ነው። በ1984 በወጣው የጽዳት አጠባበቅ ሕግ መሠረት የሚሠራ «ኬሬን ኒካዮን» የሚባል የጽዳት ፈንድ አለ። ከጥር 2017 ጀምሮ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ለፕላስቲክ ከረጢት የሚከፈለው 10 አጎሮት ወደዚሁ ፈንድ ይገባል። እንግዲህ ገበያ ወጥታችሁ ከረጢት በገዛችሁ ቁጥር እናንተም አዋጥታችኋል ማለት ነው። ከዚያ ፈንድ መጠየቅ ካዋጡት ላይ መጠየቅ ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሚኒስቴሩ ገንዘብ ለመስጠት ሲያስብ «ኮል ኮሬ» የሚባል ጥሪ ያወጣል፤ ማን ማመልከት እንደሚችል፣ እስከ መቼና ለምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጥሪው ለማዘጋጃ ቤቶች ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ የእኛ ድርሻ በዒሪያው የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ቀርቦ «በዕቅዳችሁ ውስጥ የእኛ ሰፈር ይግባ፤ ሥራውንም እኛ እንሠራለን» ማለት ነው።

ሁለተኛው ዒሪያው ራሱ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች በሰፈር ለሚሠሩ ማኅበራት «ትሚኻ» የሚባል ድጋፍ የሚሰጡት አስቀድሞ በወጣ መመዘኛ ነው። ሦስተኛው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የኑዛዜ ገንዘብ ኮሚቴ ነው። ሰዎች ሲሞቱ ለእስራኤል መንግሥት የተናዘዙት ገንዘብ በዚህ ኮሚቴ በኩል ለሕዝብ ጥቅም ይከፋፈላል። አራተኛው በ1951 የተመሠረተው የብሔራዊ ሎተሪ ድርጅት፣ ሚፍዓል ሃፓይስ ነው፤ እርሱ በአብዛኛው የሚሰጠው በማዘጋጃ ቤቶች በኩል ነው። አምስተኛው የውጭ አገር አይሁድ ማኅበረሰቦች ናቸው። ናታንያ በአይሁድ ኤጀንሲ የሽርክና ፕሮግራም አማካይነት በአሜሪካ ከሲንሲናቲ ከተማ አይሁድ ማኅበረሰብ ጋር የተጣመረች ከተማ መሆኗን ልብ በሉ።

ገንዘብ ባይሰጥም ምክር የሚሰጥም አለ። በ1982 የተቋቋመው ሻቲል ማኅበራት እንዴት እንደሚደራጁ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚያፈላልጉ ሲያስተምር የኖረ ድርጅት ነው።

ዕድር ያስተማረን

እንግዲህ ገንዘቡ ካለ የሚያግደን ምንድን ነው? አንደኛው ዕንቅፋት በልባችን ያለው ነው። «ልመና ነው» እንላለን። ጨዋ ሰው እጁን አይዘረጋም ብለን አድገናል፤ ደግም አድገናል። ነገር ግን ድጋፍ ሰጪው ድርጅት የሚፈልገው ሥራ አለው። ልጆች እንዲማሩ፣ ሰፈሩ እንዲጸዳ፣ ውኃ እንዲቆጠብ ይፈልጋል። ሥራውን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ሰፈሩን አያውቅም፤ ቋንቋችንንም አያውቅም። እኛ ሥራውን እንሠራለን፣ እርሱ ወጪውን ይሸፍናል፣ በመጨረሻም ሒሳብ እናቀርባለን። ይህ የሁለት ወገን ውል ነው።

ሁለተኛው ዕንቅፋት ወረቀቱ ነው። እዚህ ላይ ዕድርን አስታውሱ። ዕድር ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ሰብሳቢው ገንዘብ አይዝም፤ ገንዘብ ያዡም ብቻውን አይወስንም። መተዳደሪያ ደንብ አለው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ምን ወጣ፤ ሁሉም በመዝገብ ይሠፍራል። የዕድሩ ድንኳንና ድስት እንኳ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። የእስራኤል መንግሥት ከአንድ ማኅበር የሚጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። ቋንቋው ሌላ ስለሆነ ብቻ የማናውቀው ይመስለናል። የሚጎድለን ነገር ቢኖር መጻፍ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ የለ አባቶቻችን!

ማመልከቻው የሚጠይቃቸው ነገሮች

የማመልከቻ ፎርሞች ርዝመታቸው ይለያያል እንጂ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው። ችግሩ ምንድን ነው? ምን ትሠራላችሁ? ማን ይሠራዋል? ስንት ያስወጣል? መሳካቱን በምን ታውቃላችሁ? ገንዘቡ ሲያልቅስ? ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸውን ላንሳ።

ለምሳሌ ያህል፣ በሄፍጺባ ሰፈር ከአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ባዶ መሬት አለ እንበል። የጋራ ጓሮ ለማድረግ ፈለግን። በማመልከቻው ላይ «የልጆች ግንዛቤ ይዳብራል፣ ማኅበረሰቡ ይጠናከራል» ብለን ብንጽፍ አንባቢው ምንም አያይም። «ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ 20 ልጆችና 8 አረጋውያን አብረው ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ መደብ ይይዛል፤ የ3 ሕንፃዎች ነዋሪዎች የማድ ቤት ትራፊያቸውን ለይተው ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ያመጣሉ» ብንል ግን ሥራው በዓይኑ ይታየዋል። ዓመቱ ሲያልቅም ሃያ ያልነው ሃያ መሆኑን መቁጠር ይቻላል። የማይቆጠር ነገር ቃል አትግቡ፤ የማትደርሱበትንም ቁጥር አትጻፉ። 40 ብሎ 20 ከማምጣት 15 ብሎ 20 ማምጣት ይሻላል።

ቀጥሎ የጊዜ ሠንጠረዥ አለ። እዚህ ላይ አገር ቤት የለመድነው ሊያሳስተን ይችላል። በጎንደር ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ዝናቡ የሚዘንበው ያን ጊዜ ነው። በናታንያ ግን በእነዚያ ወራት ጠብ የሚል ነገር የለም። ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ በብዛት የሚጥለውም በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በግንቦት ቢለቀቅና ችግኝ እንትከል ብንል ፀሐይ ያቃጥለዋል። በጋውን ለመሬት ዝግጅት፣ ለኮምፖስትና ለውኃ መስመር አውሉት፤ ተከላውን ከበዓላት በኋላ አድርጉት። የናታንያ አፈርም እንደ ጎንደር መሬት አይደለም። አሸዋ የበዛበት ነው፤ «ሐምራ» የሚሉት ቀዩም ቢሆን አሸዋማ ስለሆነ ውኃ ቶሎ ያሳልፋል። ኮምፖስት መግዣና ማዘጋጃ በበጀቱ ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ሽሚታንም አስቡ። 2021/22 የሽሚታ ዓመት ነበረ፤ ቀጣዩ በ2028 ሮሽ ሃሻና ይጀምራል። ለብዙ ዓመት የሚቆይ ጓሮ የሚያቅድ ሰው ቄሶችንና ራቢዎችን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በዕቅዱም ላይ ያሳየው።

በጀቱ

በጀት ሲሠራ ሁሉም ሰው ችግኙን፣ መቆፈሪያውንና የውኃ ማንጠባጠቢያ ቱቦውን ያስታውሳል። የሚረሱትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የውኃው ሒሳብ ነው፤ ቆጣሪው በማን ስም እንደሚሆን አስቀድሞ ከዒሪያው ወይም ከትምህርት ቤቱ ጋር በጽሑፍ መወሰን አለበት። ሁለተኛው ትርጉም ነው። ወላጆች የሚሳተፉበት ፕሮጀክት ከሆነ ማስታወቂያው፣ ስብሰባውና ትምህርቱ በአማርኛም በትግርኛም ሊሆን ይገባል፤ ይህ ደግሞ ዋጋ አለው። ሦስተኛው ለሽማግሌዎች የሚከፈል የአስተማሪነት ክፍያ ነው። ስለ ኮምፖስት ለሚያስተምር ባለ ዲፕሎማ ክፍያ ተመድቦ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው አባት ግን «ፈቃደኛ ሠራተኛ» ተብሎ በነፃ የሚቆምበት በጀት ትክክል አይደለም። ልጆቹም ይህን ያያሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሥራ የሚከፈል ገንዘብ ገቢ ነው። የኑሮ ድጎማ ወይም ሌላ አበል የምትቀበሉ ሰዎች፣ ከመስማማታችሁ በፊት ክፍያው አበላችሁን ይነካ እንደሆነ ቢቱዋሕ ሌኡሚን ጠይቁ። በነፃ የሚሠሩትም ቢሆኑ በተፈቀደለት የሕዝብ ድርጅት በኩል እንደ ፈቃደኛ ሠራተኛ ይመዝገቡ፤ እንዲህ ሲሆን በሥራው ላይ ጉዳት ቢደርስባቸው በብሔራዊ መድኑ ሕግ መሠረት መብት ይኖራቸዋል።

ለሚገዛው ዕቃ አስቀድሞ የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቡ። ሲገዛ ደግሞ «ሐሽቦኒት» ተቀበሉ፤ ሲከፈልም «ቀባላ» ያዙ። በማኅበሩ ስም ይጻፍ። ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ፣ በእውነት ለጓሮው ቢወጣም፣ በወረቀት ላይ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ብዙ ሰጪዎች «እናንተስ ምን ታዋጣላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እዚህ አገር «ማቺንግ» ይሉታል። ገንዘብ የለንም ብላችሁ አትደንግጡ። በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩትን ጥንታዊ ደኖች ለማዳን የተደረገውን ተመልከቱ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ተመራማሪ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከብት እንዳይገባባቸው ደኖቹን በድንጋይ ካብ ማሳጠር ጀመሩ። ከውጭ ገንዘብ ተሰበሰበ። ድንጋዩንና ጉልበቱን ግን የአካባቢው ሕዝብ ሰጠ። ገበሬው ድንጋዩን ከማሳው ለቅሞ ስለሚያመጣ ማሳውም ጸዳለት። የማኅበረሰቡ መዋጮ ማለት ይህ ነው። እኛም የሥራ ሰዓታችንን፣ የእናቶችን ምግብ፣ የማትናሱን አዳራሽ፣ የወጣቶችን ትርጉም ቆጥረን በመዋጮ ዓምድ ላይ ልናሰፍር እንችላለን፤ ሰጪው እንደሚቀበለው አስቀድሞ ይጠየቅ እንጂ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለሃያ ቤተሰብ የተከፋፈለ ሥራ ማንንም አይከብድም።

በማን ስም እናመልክት?

ሰጪዎች ገንዘብ የሚሰጡት ሕጋዊ ሰውነት ላለው አካል ነው። በ1980 በወጣው የማኅበራት ሕግ መሠረት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ ትርፍ ለመከፋፈል ያልሆነ ዓላማ ይዘው «ዓሙታ» ማቋቋም ይችላሉ። ነገር ግን ዓሙታ ሲቋቋም ግዴታም አብሮ ይመጣል። የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ከእርሱ የተለየ የቁጥጥር አካል፣ በየዓመቱ ለመዝጋቢው የሚቀርብ ሒሳብ ያስፈልጋል። የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት ደግሞ «ኢሹር ኒሁል ታቂን» የተባለው የትክክለኛ አስተዳደር ማረጋገጫ ይጠየቃል። አዲስ ዓሙታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይህን ማረጋገጫ አያገኝም፤ ሰነዶቹን ማቅረቡን የሚገልጽ ሌላ ወረቀት ነው የሚሰጠው። በተጨማሪም በገቢ ግብር ሕጉ አንቀጽ 46 የተፈቀደለት ማኅበር፣ ለእርሱ የሰጠ ግለሰብ በሕጉ ወሰን ውስጥ የስጦታውን 35 ከመቶ ከግብሩ ላይ ይቀነስለታል። ይህ ከግለሰቦች መዋጮ ለመሰብሰብ በጣም ይረዳል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ሆናችሁ ለአንዲት ጓሮ ብላችሁ አዲስ ዓሙታ ለማቋቋም አትቸኩሉ። ካለ ማኅበር፣ ከማትናሱ ወይም ከትምህርት ቤቱ ጥላ ሥር ግቡ። ነገር ግን በጥላው ሥር ስትገቡ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ገንዘቡ በማን ሒሳብ ይገባል? የሚፈርሙት እነማን ናቸው? ጥላ የሆነው ድርጅት ለአስተዳደር ወጪ፣ «ተቁራ» ለሚሉት፣ ከመቶ ስንት ይወስዳል? ስለ ሥራው የሚወስነው ማን ነው? ከወላጆች ቢያንስ ሁለቱ በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ይኑሩ። ይህ ከመጀመሪያው ካልተጻፈ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም።

ዕብራይስጡንስ ማን ይጽፈዋል? እዚህም ላይ መላ አለ። ሽማግሌው ሐሳቡን በአማርኛ ይናገር፣ በስልክ ይቀዳ፤ ዕብራይስጥ የሚችል ወጣት ይጻፈው፤ ከመላኩ በፊት ደግሞ በአማርኛ ተተርጉሞ በጉባኤ ይነበብ። ወጣቱ ያደገ ሰው ይሁን፤ የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የወላጆቹን ወረቀት እንዲሸከም አናድርግ። ያልተነበበላችሁን ወረቀትም አትፈርሙ።

ራሳችንን እንዴት እንገልጻለን?

በፎርሙ ላይ «ተጠቃሚው ሕዝብ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። አዲስ ገቢ ቤተሰቦችን በሚመለከት ብዙ ጊዜ የሚሞላው «የተዳከመ የኅብረተሰብ ክፍል፣ ዕርዳታ የሚያስፈልገው» ተብሎ ነው። ሰጪውን ያሳዝነዋል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ይህን የሚያነቡት ሰጪዎቹ ብቻ አይደሉም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ያነበዋል፤ አስተማሪዋ ታነበዋለች፤ አንድ ቀን ልጃችንም ያነበዋል። ደካማ ተብሎ የተጻፈ ሰው፣ ሥራው ሲጀመርም ተቀባይ እንጂ አስተማሪ ሆኖ አይጠራም።

ችግራችንን እንደብቅ ማለቴ አይደለም። ዕብራይስጥ ገና አልተማርንም፣ ሥራ አላገኘንም፤ እውነት ነው፣ ይጻፍ። ከጎኑ ግን ያለንም ይጻፍ። «ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል 12ቱ በእርሻ ሥራ ያደጉ ናቸው፤ ሦስት እናቶች ሸክላ ይሠራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር እውነት እስከሆነ ድረስ በማመልከቻ ላይ ከባድ ሚዛን አለው። በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ በቤርሼባ፣ በካሊሸር የቅሊጣ ማዕከል፣ ኧርዝስ ፕሮሚስ የተባለ ማኅበር ከኢትዮጵያ ከመጡ ቤተሰቦች ጋር የጋራ ጓሮ አቋቁሞ ነበር። የሥራው መሠረት የቤተሰቦቹ የእርሻ ዕውቀት ነው። ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው ይውሉ የነበሩ ሰዎች መሬት ሲያገኙ የሚያውቁትን አሳዩ። ለናታንያም ምሳሌ የሚሆነን ይህ ነው።

አጋሮችና የነገው ቀን

ማመልከቻው ላይ የአጋሮች ደብዳቤ ይጠየቃል። ከትምህርት ቤቱ፣ ከማትናሱ፣ ከዒሪያው የምታገኙት አጭር ደብዳቤ ብዙ ገጽ ከመጻፍ ይበልጣል። የአጋርነትን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከናታንያ በስተ ሰሜን ወደ ባሕር የሚገባው የአሌክሳንደር ወንዝ በፍሳሽ የተበከለ ነበር። በ1995 በተጀመረው የማገገሚያ ሥራ የዔሜክ ሔፌር የክልል ምክር ቤት፣ ኬሬን ካዬሜትና ሌሎች ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተባበሩ። በ2003 ሥራው በአውስትራሊያ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የወንዝ ሽልማት አገኘ። ዛሬ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ በወንዙ ውስጥ የሚኖሩትን ትልልቅ ኤሊዎች ማየት ትችላላችሁ። ብክለቱ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሊያጸዳው አይችልም ነበር። የሰፈር ጓሮም በትንሹ እንዲሁ ነው፤ መሬቱ የአንዱ፣ ውኃው የሌላው፣ ልጆቹ የትምህርት ቤቱ፣ ዕውቀቱ የእኛ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ «ገንዘቡ ሲያልቅስ?» የሚለው ነው። የድጋፍ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ነው። ጓሮ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ያምራል፤ በሁለተኛው በጋ ውኃውን የሚከፍል ከሌለ ይደርቃል። ደረቅ ጓሮ ከባዶ መሬት የከፋ ነው፤ ቀጥሎ ለሚያመለክት ሁሉ መጥፎ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በየቤተሰቡ ትንሽ ወርኃዊ መዋጮ ይኑር፣ እንደ ዕድር። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ሰጪው ሲያየው እንደማንጠፋ ይረዳል። ሪፖርቱንም በጊዜው አቅርቡ። ያልተሳካ ነገር ካለ ያልተሳካበትን ምክንያት ጻፉ፤ ሰጪዎች ከደረቀ ችግኝ ይልቅ የተደበቀ ችግኝ ያስቀይማቸዋል።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንስ? ብዙው በመጀመሪያ ጊዜ ይወድቃል። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የመንግሥት ድጋፍ የሚሰጠው በታወጀ መመዘኛ ስለሆነ፣ በየትኛው መመዘኛ እንደ ወደቃችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። አስተካክላችሁ በሚቀጥለው ዓመት መልሳችሁ አስገቡ።

እስከሚቀጥለው ስብሰባችን ድረስ አራት ነገር እንሥራ። አንደኛ፣ በየሕንፃው ያለው ቤተሰብ የሚያውቀውን ሙያ እንመዝግብ፤ ማረስ፣ ሸክላ፣ ንብ ማነብ፣ የመድኃኒት ቅጠል፣ ሁሉንም። ሁለተኛ፣ በሰፈራችን ያለውን ባዶ መሬት አይተን የማን እንደሆነ በዒሪያው እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ሁለት ወላጆችና አንድ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ወጣት መርጠን የወጡትን ጥሪዎች እንዲከታተሉ እናድርግ። አራተኛ፣ አንድ ደብተር ገዝተን ዛሬ የተነገረውንና የተወሰነውን እንጻፍበት። የመጀመሪያው መዝገባችን እርሱ ይሆናል።

ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቅ፤ መልሱን የሚያውቅም ሰው ካለ ይንገረን።